የሻሽ ምላስ

መጋቢት 6፣ ጠዋት 1 ሰዓት

78 ዓመቴ ነው። ደረጃውን ያለ ሰው እጅ እወጣለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። የደም ግፊት ክኒኔንም የምውጠው ከዘጠኝ በኋላ ነው። ልጄ ሰላም ይህን አታውቅም። አንተም ደብተር ስለሆንክ አትነግራትም።

ውሻውን ሻሽን አውጥቼ መመለሴ ነው። ወትሮ እሱ ነበር የሚጎትተኝ። ዛሬ ከዛፉ ሥር ተኛብኝ። ተሸክሜው ገባሁ። ጎረቤቴ መኪናዋን አቁማ ልርዳዎት አለች መሰለኝ። ኖ አልኳት።

ሻሽ የባለቤቴ የአስካለ ውሻ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ስሙን እሷ አወጣችለት፣ ነፍሷን ይማርና። እሷ ከሞተች ወዲህ ያንን ከከረጢት የሚቀዳ ደረቅ ምግብ እንቢ ብሏል። ከእኔ እጅ ብቻ ነው የሚበላው። እኔ የምበላውን።

መጋቢት 7፣ ከሰዓት 10

ሰላም ከሳን ሆዜ መጣች። ነርስ ናት፣ ሰላምታ ሳትጨርስ ሰው መመርመር ትጀምራለች። ዛሬ ተራው የሻሽ ነበር። ከንፈሩን ገልጣ የነጣ ድዱን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

“አባዬ፣ ይሄ ውሻ እንዲህ ሲሆን ለምን ኮል አላደረጉልኝም?”

ለውሻ ስልክ አይደወልም አልኳት። አልሳቀችም። እዚያው ሳን ሆዜ በቻይና ዘዴ የምታክም የእንስሳት ዶ/ር አለች፣ የሰላምን የሥራ ባልደረባ ድመት በመርፌ አስነስታዋለች። አፖይንትመንት ያዘች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 9፣ ከሰዓት 11

አሁን ተመለስን። 880 አውራ ጎዳናው ተዘጋግቶ ወገቤ አለቀ።

ዶ/ሯ ሻሽን ከመንካቷ በፊት ጠባዩን ጠየቀችኝ። የውሻ ጠባይ! ሰላም ትተረጉማለች። ቁጡ ነው? እንግዳ ይወዳል? ምን ይፈራል? እኔም ደፋር ነው፣ ማንንም አይፈልግም፣ ለማንም አንገቱን አይደፋም አልኩ።

“አባዬ፣ የሻሽን ነው የጠየቀችዎት፤ የራስዎን አይደለም።”

ከዚያ ራሷ መለሰች። ከሰው እግር ሥር አይጠፋም። ሆዱን ይወዳል። ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ ካለ መብላት ያቆማል። እናቴ ስትታመም ከአልጋዋ አልወረደም አለች። ዶ/ሯ በቃ፣ አፈር ነው አለች። እንስሳ አምስት ዓይነት ነው አሉ። እንጨቱ ቁጡ፣ እሳቱ ጨዋታ ወዳድ፣ ብረቱ ሥርዓት ሲፈርስ የማይወድ፣ ውሃው ፈሪ። አፈሩ የቤቱን ሁሉ ጭንቀት ይሸከማል፣ ከዚያ ሆዱን ያመዋል።

እኛ ቤ/ክ የሰማነው አራት ነው። ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ፣ መሬት። ነፋስን የት ጣለችው? ጠይቂልኝ ብላት ሰላም አፈረችብኝ።

ምላሱን አስወጥታ አየች። ነጣ ያለ፣ እንደ ታጠበ ጨርቅ። ከኋላ እግሩ ውስጠኛ በኩል ጣቶቿን አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትርታውን አዳመጠች። ደም ጎድሎታል አለች። ቀጫጭን መርፌ ተከለችበት። ዝም ብሎ እኔን ያያል። ለላብራቶሪም ደም ቀዳች።

ምን ይበላል አለችኝ። ስጋ፣ ጥሩ ስጋ አልኩ።

ሰላም አጠገቤ ነበረች። ውሻ መመገብ አቅቶታል ካለች ዕቃዬን ጠቅልላ ትወስደኛለች። እሷ የተከራየችበት ደግሞ ውሻ አያስገቡም።

መጋቢት 10፣ ከሰዓት 9 ተኩል

ዶ/ሯ የዕፅዋት ሥር ዱቄት ሰጥታናለች፣ ከምግቡ ጋር ይደባለቅ ተብሏል። ሽሮው ላይ ነሰነስኩለት። በላ።

አስካለ በሁዳዴ ለእሱ ለብቻው ዶሮ ትቀቅል ነበር። እኔ በጾም ስጋ በእጄ አልነካም። የክርስቲያን ቤት ውሻ ነው፣ አብሮኝ ይጹም ብያለሁ። ሽሮዬ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ቀይ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አብዝቼ። ሳህኑን ይልሰዋል።

መጋቢት 12፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሽንቱ ጥቁር ሻይ መሰለ። ደረጃው አቃተው። ላነሳው ስል ለእኔም ከበደኝ። ሁለታችንም መሃል ላይ ተቀመጥን። ሰው በላያችን አልፎ ሄደ። ከወደቡ ኮንቴይነር በከባድ መኪና ስጎትት ኖሬ የሞተር ሕመም በጆሮዬ ነበር የማውቀው። ይሄ ግን ድምፅ የለውም።

8 ሰዓት

ሰላም ከሥራ ደወለች። ውጤቱ መጥቷል። ደሙ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ እየፈረሰ ነው። ዶ/ሯ አንድ ነገር እንድትጠይቀኝ ልካታለች።

“አባዬ፣ ሽንኩርት በልቶ ያውቃል? ቀይም ነጭም፣ የበሰለም ቢሆን ለውሻ መርዝ ነው።”

አልበላም አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እኔ ገና አልደረስኩበትም ነበር። ካልበላማ ሰውነቱ የራሱን ደም የሚያጠፋበት ሌላ በሽታ ነው፣ ነገ ጠዋት ከባድ መድኃኒት ይጀመርለታል አለች። በሽተኛ ጠራት፣ ዘጋች።

ድስቱ ምድጃው ላይ ነው። ሻሽ ሽታው ስቦት በጭራው አንዴ ወለሉን መታ። ርቦታል።

9 ሰዓት

ሽሮውን ደፋሁ። ለሰላም ደወልኩ። አታነሳም። መልእክት ተናገሩ ይላል። ለማሽን ምን ብዬ ልናገር።

10 ተኩል

ሱፐርማርኬት ሄጄ ጉበት ገዛሁ። በሁዳዴ። የማውቀው አበሻ ከፊቴ ሰልፍ ይዞ ነበር፣ እስኪወጣ ዳቦ መረጥኩ። ቀቀልኩት። በእጄ ቆራረጥኩት። አንዱን በላ። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተኛ። ይተነፍሳል፣ ቶሎ ቶሎ።

ዕዳዬን ሰው ከፍሎልኝ አያውቅም። ይሄንንም ራሴ ነኝ የምከፍለው።

ለንስሐ አባቴ፦ ጉበቱን እናገራለሁ። የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ። ነገም እንደምቀቅል ግን እነግራቸዋለሁ።

ለሰላም፦ ከሥራ ስትወጣ። ሁለቴ ዋሸሁሽ እላታለሁ። ትጩህብኝ።

ለአስካለ፦ መቃብሯ ላይ ሄጄ። ምን እንደምላት አላውቅም።

ለሻሽ፦ ይሄ በምን ይከፈላል። የሰጠሁትን ሁሉ በላ።

ለዶ/ሯ፦ አሁኑኑ፣ ሳይዘጉ። ተርጓሚ የለም፣ ሽንኩርቱን ለመናገር የወደብ እንግሊዝኛዬ ይበቃል። ዶግ። አንየን። ኤቭሪ ዴይ። ሚ።

ስልኩ እየጠራ ነው። አነሱ