ሁለተኛው ሞተር ለምን ቆመ

ዲላ፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፈለቀ፣

ጎረቤታችን ጋሼ ወልደዮሐንስ ወባ ጥሏቸው ሰንብቶ ትናንት ገና ሾርባ ቀመሱ። ባለቤታቸው ድንቅነሽ ትንሹን ልጅ ጡት እያስጣለች እሳቸውንም ታስታምማለች፤ ከመክሳቷ የተነሳ ብታያት አትለያትም። እሳቸውን ያስተኛቸው ግን ወባ ብቻ አይደለም። አንተ አዲስ አበባ የመብራት ሥራ ላይ ስላለህ ነገሩን ልጠይቅህ።

የከተማችን መብራት ከሁለት ሞተር እንደሚመጣ፣ ሞተረኛውም እሳቸው እንደሆኑ ታውቃለህ። ረቡዕ፣ የጥምቀት ማግስት፣ አመሻሹ ላይ አሮጌው ሞተር ቆመ። ይቁም፣ አርጅቷል። እኔን የገረመኝ አዲሱ ነው፤ ምንም ሳይነካው ወዲያው ተከትሎት ቆመ። ሦስት ጊዜ አስነሱት፣ ሦስቴም መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። በማግስቱ ኃላፊው፣ "ሁለቱንም ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ ሰኞ ቁልፉን ታስረክባለህ" አሏቸው። በዚያው ወባው ተነሳባቸው።

ሐሙስ ማታ ልጠይቃቸው ገብቼ አላስቻለኝም። "ደህናው ሞተር ምን ሆኖ ቆመ?" አልኳቸው።

"ሁለት ሰው ቃሬዛ ይዞ አንዱ ቢወድቅ፣ ሌላው ጤነኛ ነውና ብቻውን ይዞት ይሄዳል?"

"እሺ፣ መልሰው ሲያስነሱትስ?"

"መብራት ሲጠፋ ማብሪያሽን ታጠፊዋለሽ?"

"ለምን አጠፋዋለሁ? መምጣቱን በምን ልወቅ?"

ድንቅነሽ ሳቀች። እሳቸው ግን፣ "ዲላ በሙሉ እንዳንቺ ነው" አሉ። "አምፖሉም፣ የአብዱልሰመድ ቡና መፈልፈያም ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣበታል።"

ፈለቀ፣ እዚህ ላይ የላክህልኝ የኤሌክትሪክ ካውያ ትዝ አለኝ። የተፈቀደልኝ ሦስት አምፖል ነው፤ እኔ ግን ከአምፖሉ ገመድ ጠልፌ፣ የሰፋሁትን የተማሪ ልብስ ሁሉ እተኩስበት ነበር። ያን ዕለትም እንደተሰካ ነበር። ለእሳቸው መናገር ፈራሁ።

አርብ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ሄጄ ካውያውን ተናዘዝኩ። "ከተማው ማብሪያውን ያጥፋና አንዴ ይሞክሩት" ብዬም ለመንኩ።

"ልብስ ሰፊ ሞተር ልታስተምረኝ" አሉ። ግን እሺ አሉ።

ቅዳሜ ከድንቅነሽ ጋር ቤት ለቤት ዞርን። አብዱልሰመድ፣ "የጠፋውን መብራት ደግሜ ላጥፋው?" ብሎ ሳቀብን፤ መፈልፈያውን ግን ዘጋው። ኃላፊው አዲሱን ሞተር ብቻውን አስነሱት፤ ሞቀ፣ እኛም ሰፈር በሰፈር እያስከፈትን ሄድን። አልቆመም።

እስቲ ንገረኝ፤ ከቆቃ ግድብ ወደ እናንተ የሚመጣው ሽቦ ስንት ከተማ ያያይዛል? አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩን ይጎትተዋል? የሚያቆመውስ ምንድን ነው? ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጥፋት የኔ ካውያ ድርሻ ስንት ይሆን?

ዛሬ ከሰዓት አንድ ሠራተኛ መጥቶ፣ "እስከ ሚያዝያ መብራት ታግደሻል" ብሎ ሽቦዬን ቆርጦ ሄደ። አልከፋኝም። እሱ እንደወጣ ጋሼ ወልደዮሐንስ በምርኩዝ መጡ። ቁልፉን ሊያስረክቡ ሄደው ኃላፊው አልተቀበሏቸውም።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ካውያውን ከጥቅምት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስትተኩሺ የሞተሩ ድምፅ ይከብዳል።"

"ታዲያ ሲያባርሩዎት ለምን ዝም አሉ?"

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። "ሰው ሁሉ ራት ሲበላ" አሉ፣ "ሥራ ላይ የነበርነው አንቺና እኔ ብቻ ነን።"

መልስህን የምትጠብቅ እህትህ፣
አመለወርቅ