የሞረድ ድምፅ ተከትለው ለመጡት ክቡር ኃላፊ

ለፈጠራ መብቶች ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና፣ ይልቁንም ወርክሾፓችንን ጎብኝተው ሲወጡ ደረጃችን ላይ ወለም ላለው ቁርጭምጭሚትዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። ስለ እኛ የሚያስቡ ከሆነ እጅግ ደኅና ነን። ሠራተኞችዎ «ታሽጓል» የሚለውን ወረቀት በራችን ላይ ከለጠፉበት ቀን ወዲህ በእርስዎ ደግነት በሚገባ ዐርፈናል። ዕድሜውን ሙሉ ከዘይትና ከብረት ብናኝ ጋር የኖረው አጎቴ ዛሬ ጥፍሩ ነጥቶ የሙሽራ ጥፍር መስሏል።

እርስዎ ብዙ ሰው የሚያገኙ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ራሴን ላስተዋውቅ። በተመረቅንበት ሰሞን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተገኝተው «ልጆቼ፣ ሥራ አትጠብቁ፣ ሥራ ፍጠሩ፤ ሕግ ጠይቃችሁ፣ ሕግ አክብራችሁ ከሠራችሁ የሚነካችሁ የለም፤ እኔ አባታችሁ ከጎናችሁ ነኝ» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ማጨብጨቡን ካቆመ በኋላ ብቻዋን ስታጨበጭብ የቀረችው እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ «አንቺ ደግሞ፣ ንግግር እኮ ነው፣ ተረጋጊ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ንግግር መሆኑን አላወቅሁም፤ ቃል መስሎኝ ይዤው ወጣሁ። የሜካኒካል ምህንድስና ዲግሪዬንም ይዤ ቢሮ ለቢሮ ከመዞር ይልቅ የእናቴ ወንድም ወደሚያስተዳድረው የጠመንጃ መጠገኛ ገባሁ።

ቤቱ ሙሉ ፈቃድ ያለው፣ የደን ጠባቂዎችና የድርጅት ጥበቃዎች ጠመንጃ የሚጠገንበት አንድ ክፍል ነው። ከሥራችን የሚበዛው ደግሞ አንዲት የጣት አንጓ የምታህል ብረት መሥራት ነበር፤ ማገጃ እንላታለን። ምላጩን ቆልፋ የምትይዝ እሷ ናት። እሷ ጤነኛ ከሆነች ጠመንጃው ቢወድቅም ቢገጭም አይተኩስም፤ ካለቀች ግን ጠመንጃው ደስ ባለው ሰዓት ይናገራል። የደን ጠባቂዎቹ ጠመንጃዎች አርጅተዋል፣ ማገጃቸውም አልቋል። ከእነዚያ ጠባቂዎች አንዱ አባቴ ነው። ስለ አንዲት ቁራጭ ብረት ለምን ይህን ያህል እንደምንንጨረጨር ከወዲሁ ይረዱልኝ ብዬ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ መዝገብዎ አመሰግናለሁ። ማገጃዋን የፈለሰፋት የውጭ አገር ኩባንያ ነው፤ እኛ ፈጠርናት ብለን አናውቅም። ስለዚህ እኔ፣ የተማርኩት፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ በአገራችን የተመዘገበ ባለቤት እንዳላት ጠየቅሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛዎ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ «ባዶ ነው፣ ይኸው እዪው። እዚህ አገር ባለቤት የላትም፤ ሂጂ ሥሪ እህቴ። አንቺን ያህል ጠይቆ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። እየበረርኩ ሄጄ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማንም አይነካንም!» ስለው፣ አጎቴ ቀና ብሎ አየኝና «ድሮስ ማን ነካን?» አለኝ። ያን ጊዜ ያልተማረ ሰው ንግግር መስሎኝ ነበር።

፪ኛ. ስለ ጎረቤታችን አመሰግናለሁ። በግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያለው አስመጪ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ካርቶን ሲከፍት ስለሚውል የግቢው ሰው ሁሉ «ካርቶን» ይለዋል። እሱም ይስቃል እንጂ አይቀየምም፤ ክፉ ሰው አይደለም። ካርቶን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሱቁ አጠገብ እያለፉ ወደ እኛ ሲጎርፉ አየና አንድ ቀን ወደ እናንተ መጣ። እናንተም እኛ ሳንሰማ «የአስገቢ ፓተንት» ሰጣችሁት። ይህ መብት፣ ሕጉን አንብቤዋለሁ፣ በውጭ አገር የታወቀን ፈጠራ ወደ አገር አስገብቶ እዚሁ ለሚያመርት ሰው የሚሰጥ ነው። ካገኘው ቀን ጀምሮ ከእሱ በቀር ማንም ማገጃዋን መሥራትም ማስመጣትም አይችልም። ሕጉ መልካም ነው፤ «እዚሁ ለሚያመርት» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ መልካም ነው። ካርቶን ግን እንኳን ብረት የሚሞርድበት፣ ጥፍሩን የሚሞርድበትም የለው። ማገጃዋን አይሠራትም፤ ለብቻዋም አያስመጣትም። የሚያስመጣው ሙሉ አዲስ ጠመንጃ ነው። ቤታችን ከታሸገ በኋላ አጎቴ «እባክህ ዕቃዋን ብቻ ሽጥልን» ብሎ ሲለምነው «ጋሼ፣ ቁራጭ ብረት ሸጬ ምን ላተርፍ? አዲስ ጠመንጃ ይግዙ፣ ማገጃው አብሮት ይመጣል» አለው። አጎቴም «ጥርሴን ሲያመኝ አንተ ጋ ብመጣ፣ አዲስ ጭንቅላት ልትሸጥልኝ ነው?» ብሎት ወጣ።

፫ኛ. ከሁሉ በላይ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ሕጉ ባለመብቱ በአገር ውስጥ እያመረተ መሆኑ በአካል ይረጋገጥ፣ ካላመረተ መብቱ ይሰረዝ ይላልና፣ እርስዎ ከሁለት ባለሙያዎችዎ ጋር የካርቶንን «ፋብሪካ» ለማየት መጡ። ካርቶን ዕቃ ሊገዛ ውጭ አገር ሄዶ ስለነበር ሱቁ ዝግ ነበር። ከጓሮ ግን ፋቅ ፋቅ የሚል የሞረድ ድምፅ ይሰማ ነበር። ድምፁን ተከትለው ገቡ።

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ቀን ደስታዬን እንዴት ልግለጽልዎ! ሥራችንን መጥተው እንዲያዩልኝ የጋበዝኩበት ደብዳቤ ደርሶዎት ነው ብዬ ነበር። ያለንን አንድ ወንበር በራሴ ሻሽ ጠርጌ አስቀመጥኩዎት። ከጥሬው ብረት ጀምሬ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አሳየሁዎት። ሁሉም ጠመንጃ እንደየተያዘው ስለሚያልቅ፣ አጎቴ ማገጃዋን በኩራዝ ጥላሸት ቀብቶ ከጠመንጃው ጋር እንዴት እንደሚያገጣጥማት፣ ጥላሸቱ የተፋቀበትን እያየ እንዴት እንደሚሞርዳት፣ ለአንዱ የሠራት ለሌላው እንደማትሆን አስረዳሁዎት። እርስዎም «እዚሁ ነው የምትሠሩት? ሙሉ በሙሉ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም «ከብረቱ ጀምሮ!» አልኩ። «ጎበዝ! አገር የሚያድገው እንዲህ ነው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ አንደኛው ባለሙያዎም የእኔንና የአጎቴን እጆች ከነማገጃዋ ፎቶ አነሳ። ሲወጡ አጎቴ «እነዚህ ሰዎች ስማችንን አልጠየቁንም እኮ» አለኝ። «ጋሼ ደግሞ፣ ትልቅ ሰው ያውቃል እንጂ ይጠይቃል?» ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ትልቅ ሰው ግን አላወቁም ኖሯል። ቀጥሎ ከእናንተ የመጣልን የእሸጋ ትእዛዝ ነበር። ባለመብቱ በአገር ውስጥ በሙሉ አቅም እያመረተ መሆኑ በአካል ስለተረጋገጠ፣ ያለ ፈቃዱ የምናመርተው እኛ መብቱን ጥሰናልና ቤቱ ይታሸግ ይላል። ለካርቶን ምርት ማስረጃ ሆኖ የተያያዘው ፎቶ የእኛ እጅ ነው። በራሳችን እጅ ማስረጃነት በራሳችን ላይ የተፈረደብን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ስለዚህ ክብር ደግሞ ለብቻው አመሰግናለሁ።

፬ኛ. ጉምሩክ። «መሥራት ከተከለከልን እናስመጣ» ብለን ከዋናው ኩባንያ ጥቂት ማገጃዎች አዘዝን። የጉምሩኩ ሰውዬ ሳጥኑን ከፍቶ አየና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ባለቤት አለው» ብሎ መልሶ ዘጋው። ስለ ጉምሩክ ጨርሻለሁ።

፭ኛ. የሕግ ክፍልዎ «ከፓተንቱ በፊት ትሠሩ እንደነበር በጽሑፍ አስረዱ» ሲለን አጎቴ «ጫካ ውስጥ ባሉት ጠመንጃዎች ላይ ያለውን ሥራዬን ሂዱና እዩት፤ ብረት ይዋሻል?» ቢላቸው፣ «አባት፣ ብረት ፋይል ውስጥ አይገባም» ብለው መለሱት። ስለ ትዕግሥታቸው አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ስህተት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ስህተት ደግሞ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ሲነገርዎ ይደነግጣሉ፣ ያርሙታል ብዬ እየሮጥኩ ቢሮዎ መጣሁ። ጸሐፊዎ ብታስቆመኝም እርስዎ ድምፄን ሰምተው «አስገቢያት» አሉ። የዚያን ዕለት ባያስገቡኝ ኖሮ እንዴት መልካም ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛዎ ላይ ሳስቀምጥ ገና ቃል ሳልተነፍስ «አስታወስኩሽ» አሉኝ። ወንበሩን የጠረግሁበትን ሻሽ ሳይቀር አስታወሱ። ከዚያም በሩን ራስዎ ዘጉና ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «የገባንበት ቤት ሌላ መሆኑ በኋላ ገብቶኛል። ግን ሪፖርቱን ፈርሜበታለሁ፣ ጸድቋል። አሁን ተሳስቼ ነው ብል እኔ ምን ልባል ነው? ወጣት ነሽ፣ ሌላ ሥራ አታጪም፤ ታገሺ ልጄ» አሉኝ።

ካርቶን አልከዳኝም፤ ነጋዴ ነው፣ ቃል አልገባልኝም። ጉምሩክም አልከዳኝም። አባትሽ ነኝ ያለኝ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር።

ስለ እውነተኛው አባቴ ደግሞ ይህን ልንገርዎ። ቤቱ በታሸገ ጊዜ ጠመንጃዎቹን ባለቤቶቻቸው ከነአሮጌ ማገጃቸው ወስደዋል፤ አጎቴ ሞርዶ የጨረሳቸው አዲሶቹ ግን ውስጥ ቀርተዋል። የአባቴ ማገጃ ከእነሱ አንዷ ናት፤ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲያዩ ጠረጴዛው ላይ ትታያለች። ባለፈው ሳምንት በጥበቃ ጎጆው ውስጥ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የነበረው የአባቴ ጠመንጃ ተንሸራቶ ወደቀና ተኮሰ። ጥይቱ እሳት ላይ የተጣደውን ማንቆርቆሪያ በሳው። ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ባልደረባው ስኳር ሊያመጣ ገና መነሳቱ ነበር። አባቴ ስልክ ደውሎ «ሻይ አጣን እንጂ ደኅና ነን» ብሎ ሳቀ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ዘጋችው፤ አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ባዶ ተሸክመው፣ ጥይታቸውን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ዛፍ ቆራጮቹም ይህን ሰምተዋል። ትናንት አንዱ መጋዙን እንኳን ሳያስቀምጥ አባቴን «አባባ፣ ይፈልጉት፣ ይፈልጉት፤ ጥይቱ በግራ ኪስዎ ሳይሆን አይቀርም» አለው። አባቴ ይህን ሲነግረኝም አልሳቀም። እሱ ለሰደበው ሰው መልስ አጥቶ አያውቅም ነበር፤ ትናንት ግን ጥይቱን በኪሱ እንደያዘ ወደ ጎጆው ተመለሰ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። የካርቶን ሱቅ ይዘጋልኝ አልልም። ሪፖርቱን ያንሱት፤ በራችንን ይክፈቱት። ይህ ካልሆነም ሕጉ «እዚሁ ለሚያመርት» ይላልና ካርቶን ያምርት። አጎቴ መሞረድ በነፃ ሊያስተምረው ፈቃደኛ ነው፤ ጥላሸቱንም እኛ እንችላለን። እስከዚያው ግን አባቴ ጫካ ገብቶ እንዲወጣ ያቺን አንዷን ማገጃ እንድናወጣ ይፍቀዱልን።

ለማንኛውም እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝና ፓተንቱ እንዲሰረዝ ለፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። የካርቶንን ምርት በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠ ምስክር ይቅረብ ተብሎ እርስዎ ተጠርተዋል። አይጨነቁ፤ ጥያቄው ቀላል ነው። የሚጠየቁት በየትኛው በር እንደገቡ ብቻ ነው። መልሱን እኔም አውቀዋለሁ፣ እርስዎም ያውቁታል፤ ዳኛው ብቻ ነው የሚቀረው።

ለአገር ዕድገት ለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት፣ የሰው ሥራ ለይቶ ለማድነቅ ለተሰጠዎት ዓይን፣ የለዩትን ላለመናገር ለተሰጠዎት አንደበት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣

በእርስዎ ቃል ሥራ የጀመርኩ፣ በእርስዎ ፊርማ ሥራ የፈታሁ፣
የጠመንጃ ጠጋኙ የእህት ልጅ

ማሳሰቢያ፤ የጽሕፈት ቤትዎ የውጭ በር ጥበቃ ጠመንጃም ቤታችን በታሸገ ዕለት ለጥገና እኛ ጋ ነበር፤ እሱም እንደ ሌሎቹ ከነአሮጌ ማገጃው ተመለሰ። ሰውየው ጠመንጃውን የሚያስደግፈው እርስዎ በየጠዋቱ በሚያልፉበት በር ጥግ ነው። አጎቴ አሁኑኑ ሊሠራለት ይወዳል፤ ነገር ግን ሕግ አክባሪዎች ነንና የካርቶንን መብት አንነካም። እባክዎ፣ በሩን ቀስ ብለው ይዝጉት።