የበሬው ምስጢር

ፍቅርተዬ፣ ከገሳይ ከተማ ብርድ ሰላም ብዬሻለሁ። ለማስተርሴ የምክር አገልግሎት ልምምድ በማደርግበት ትምህርት ቤት አንዲት እናት መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ «ባሌ ሳያውቅ በሬያችንን ልሸጥ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ጎረቤታቸው የገብስ ቆሎ ይዘው «ትናንት ምን አለችሽ?» ብለው መጡ። አመጣጣቸው ስላላማረኝ ቆሎውን ብቻ ቆረጠምኩ። ከሰዓት እናትየዋ ሴት ልጃቸውን አስከትለው ተመለሱ። «እኔ በሬም የለኝ፤ ጎረቤቴንም የላክኋት እኔው ነኝ። የንስሐ አባታችን ክህነቱን ከጳጳስ ተቀብለዋል፤ አንቺን ማን እንደሾመሽ በምን አውቄ? ምስጢር መጠበቅሽን ልፈትን ብዬ ነው» ብለው ልጅቷን ከእኔ ጋር ትተው ወጡ። እኛ ሐዋሳ የሙያ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ማን ይጠይቃል? ይህን ማንም ሊያነበው በሚችል ክፍት ካርድ የጻፍኩልሽ የበሬው ነገር ውሸት ስለሆነ ነው። እማዬን ሳሚልኝ። ልጅቷ የነገረችኝን ግን ስመጣም እንዳትጠይቂኝ፤ አንቺንም ማን እንደላከሽ አላውቅም።

ሙሉዬ