በሠርግ ሰሞን የተቆጠሩ ቀሚሶች

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 4

እትዬ አለምነሽ ዛሬም ልብስ ስፌታቸውን አልከፈቱም። ጠዋት የተማሪዎች ውጤት ልሞላ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አየሁ፣ ስመለስም እንደተዘጋ ነው። የቀን ገቢ ግምቱ ደብዳቤ ትናንት ለነጋዴው ሁሉ ደርሷል። ግብሩ በዚያ ግምት ይሰላል። የእርሳቸውን ግምት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ በትክክል ልጻፈው። በሚያዝያ ለግምት ሥራ መምህራን ሲፈለጉ አንዷ እኔ ሆንኩ። አበል አለው ስለተባለ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ሰብሳቢያችን አቶ ፈንታሁን ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። ነጋዴው ሁሉ አሳንሶ ይናገራል። እኛም ያንን ስለምናውቅ ከፍ እናደርጋለን።

እትዬ አለምነሽ ጋ የደረስነው በሠርጉ ሰሞን ነበር። የሚዜዎች ቀሚስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰቅሏል። ሁለቱ ሠራተኞቻቸው ቀና ብለውም አላዩንም። አቶ ፈንታሁን በቀን ስንት እንደሚያስረክቡ ሲጠይቃቸው፣ “ዛሬስ ሰባት” አሉ። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። “ዛሬስ” ያሉትን ግን አልጻፍኩም። ለዓመቱ ሁሉ በዚያው ተሰላ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

ለባለቤቴ ለደሳለኝ ነገርኩት። እሱ የዞን መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነው፤ የሁለታችንም ደመወዝ ግብሩ ተቆርጦለት ነው እጃችን የሚገባው። “የእኛን ሳይጠይቁን ይቆርጡናል። ነጋዴው ሲከፍል ለምን ይገርምሻል?” አለኝ።

“መክፈላቸው አይደለም፣ ያላገኙትን መክፈላቸው ነው” አልኩት።

ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አላባራም፤ ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6

ቤታቸው ሄድኩ። እንዳያስገቡኝ ፈርቼ ነበር፤ አስገቡኝ።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ያ ልብስ ስፌት ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል እያለች አስተምሬያታለሁ። ሠራተኞቹን አሰናብተዋል። አንዱን የስፌት መኪና የሚገዛ ሰው እያፈላለጉ ነው። ንግድ ፈቃዳቸውን ሊመልሱ አስበዋል።

“እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ።”

“ምን አጠፋሽ የኔ ልጅ? ያልኩትን ነው የጻፍሽ።”

“ሰው ሁሉ ሲቀንስ አንቱ ምነው እንዳለ ተናገሩ?”

“አንቺ ነሻ ወረቀቱን የያዝሽው። የልጄ አስተማሪ እያየችኝ እዋሻለሁ?”

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ላይ ባጃጅ እየቆመልኝ በእግሬ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ቅዳሴ እንደወጣ አቶ ፈንታሁንን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘሁት። የግብር ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፊት አብረን ቀርበን የሆነውን እንናገር አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ራቅ አድርጎ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እንዲህ ያለ ነገር አይሞከርም መምህርት። የገመተ ሰው ተመልሶ ምስክር ሲሆን ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ስንት ተቀበለች ነው የሚባለው። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።”

ያለው ሁሉ ልክ ነው። ቤት ገብቼ ያስፈራኝን ጻፍኩ፦

ጉቦ በላች መባል።
ከሥራ መታገድ።
እናቴ ከሰው አፍ መስማቷ።
ቀርቤም ምንም አለመለወጡ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8

ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ ግማሽ ገጽ ነው። ሰባት የተባለው የአንድ ቀን፣ ያውም የሠርግ ሰሞን ሥራ እንደነበር፣ “ዛሬስ” ማለታቸውን ሰምቼ እንዳልጻፍኩ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ። ደሳለኝ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ “ፊርማሽ ሥር ስምሽን ሙሉ ጻፊ፣ የደበቅሽ እንዳይመስል” አለኝ። ልቤ ትንሽ ረጋ።

እሑድ፣ ሐምሌ 9

ደብዳቤውን ይዘን ቅሬታ ሰሚው ፊት እንቅረብ ብላቸው እትዬ አለምነሽ እምቢ አሉ። “በእኔ የተነሳ እንጀራሽ ቢቋረጥ ምን ይውጠኛል?” አሉኝ። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ እያለቀ እንደሆነ፣ እርሳቸው ቢቀሩም እኔ ደብዳቤውን እንደማስገባ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ “እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም” አሉ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 10

በረንዳው በነጋዴ ተሞልቷል። ተራችን ከቀትር በኋላ ደረሰ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሀል የተቀመጠው ደብዳቤዬን አንብቦ ቀና አለ።

“ዝምድና አላችሁ?”

“የለንም።”

“ታዲያ አንቺን ምን አገባሽ?”

“የጻፍኩት እኔ ነኝ” አልኩ።

እትዬ አለምነሽ ሳይጠየቁ ተናገሩ፦ “በጾም ወራት ቀሚስ የሚያሰፋ የለም። ዚፕ ስቀይርና ቁልፍ ስተክል ነው የምውል። ግብሩን እከፍላለሁ። የሠራሁትን ያህል ነው የምለው።”

ሰዎቹ ተንሾካሾኩ። ሌላ ቡድን ተልኮ ሥራቸውን እንደገና እንዲያይ ወሰኑ፤ እስከዚያ የመጀመሪያው ግምት አይጸናም። የእኔን ስም ደግሞ አንዱ ለብቻ ወረቀት ላይ አሰፈረ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ውጭ እትዬ አለምነሽ እጄን ይዘው ቆዩ። “ነገ እከፍታለሁ። ሊያዩ ሲመጡ ተዘግቶ እንዳያገኙት” አሉ።

ቤቴ ስደርስ ከገበያው በታች ዳቦ ቤት ያለው ሰውዬ ደጄ ላይ ቆሟል። ልብሱ በዝናብ በስብሷል። የግምት ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል።

“መምህርት፣ የእኔንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ” አለኝ።

ምን እንዳልኩት እንኳ በደንብ አላስታውስም። ግባ ያልኩት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ይኸው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ደሳለኝ ፎጣ ሲያቀብለው አያለሁ።