ዓይኗን ብቻ

ጥር 7፣ ከቀትር በኋላ
አጥር እያጠበቅሁ ነው። እሾህ ጣቴን ወጋኝ፤ ፊደሉ ቢጣመም ቻዪኝ፣ ደብተሬ። የልጅ ልጄ ስንዱ ለጥምቀት ቢቸና መጥታለች፤ ሞጣ ሩጫ ትሠለጥናለች። ከስታለች። ምሳ ላይ ትራፊኩ አስፋልት ዳር ፊሽካ ነፋ። ጉርሻዋን ጥላ ቀጥ ብላ ቆመች። "ወታደር ሆንሽ እንዴ?" ብዬ ሣቅሁ። አልሣቀችም።

ጥር 8፣ ጠዋት
በግድ አናገርኋት። አሠልጣኙ አይማታም። ኋላ የቀረችውን መሐል ያቆማታል፤ ጓደኞቿ ተራ በተራ ጉድለቷን ይነግሯታል። እሷ አመስግና ትወጣለች። አሁን ሜዳው ሲታወሳት እግሯ ይከዳታል፤ እህል አይወርድላት። ታዲያ ምን አለበት አልኩ። እኛ በአርጩሜ አድገን የለ! አቀረቀረች። "አባባ፣ ሲያቆመኝ እኮ የእርስዎን ቃል ነው የሚጠራው።"


ጥር 10፣ ከተራ
ቃሌ። አምና ለአሠልጣኙ ሳስረክባት፣ አባቶቻችን ልጅ ለመምህር ሲሰጡ እንደሚሉት፣ ሰው ፊት ቆሜ "ዓይኗን ብቻ ተውልኝ፤ ሌላው ያንተ ነው" አልኩት። አጨበጨቡልኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከኋላ ጋቢዬን ጎተተችኝ። አልዞርኩም። በኋላም አልጠየቅኋት። ክረምት ላይ ሞተች።
ዛሬ ታቦት ስሸኝ ጋቢዬ ተጎተተ። ዞርኩ። ማንም የለ። ስንዱ ቤት ቀርታለች፤ ነጭ ቀሚሷ ከነእጥፉ አልጋው ላይ።

ጥር 11
አሁንም ይጎትተኛል። ጉድጓድ ዳር። በር ላይ። እሺ ሰማሁሽ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አሠልጣኙ ዓይኗንማ አልነካብኝም። ስንዱን ትክ ብዬ አየኋት። ዓይኗ አለ፤ በውስጡ የሚያየኝ የለም።

ጥር 13
ነገ ሞጣ ትመለሳለች። ሽማግሌ ቃሉን ያጥፋ? አገር ይሥቅብኝ?
ሩጫ ጠላሽ ወይ አልኳት። የለም አለች። እዚያው ሞጣ ሌላ ሜዳ የምታሠለጥን መምህርት አለች፤ ኋላ የቀረችውን "የቱ ጋ ደከመሽ?" ትላለች አሉ። እዚያ ቢሆን ትሮጣለች። ይህን ስትነግረኝ ቀና አለች።
ቆረጥሁ። ቃሌን ሰው ፊት እንደሰጠሁ ሰው ፊት እወስደዋለሁ። የሣቀ ይሣቅ።

ጥር 14፣ ጠዋት 2 ሰ.፣ ሞጣ
ከሚኒባስ ወርደን ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ነን። ልጆቹ ተሰብስበዋል። አሠልጣኙ አይቶኝ እጅ ነሣ። "እንኳን ደህና መጡ አባባ! አሞላቀው እንዳያበላሹብኝ ብቻ!" ሁሉም ሣቁ። ጋቢዬን ግን የሚጎትት የለም።
ፊሽካው ጮኸ። ስንዱ አልቆመችም። የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ ቃሌን ሰው ፊት ልወስድ።