በሁዳዴ እንቁላል የገዛው ተከራይ

ሰኞ

«ዓይንዎን ብቻ ይጣሉበት» አለኝ። ስለ መምህሩ ነው፣ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ስለተከራየው ልጅ። ማን ይመጣበታል፣ መቼ ይወጣል። ሰውዬው ስሙን አልነገረኝም፤ ከጸጥታ ነኝ ብቻ አለ። ሐሙስ ይመለሳል።

ሳቄ መጣ። እኔ እንደሆንሁ ማንም ሳይልከኝ የሰፈሩን ወጪ ገቢ ሳይ የምውል ሴት ነኝ። ግን ቅር አለኝ። ለራስ ማየትና ለሰው ማየት አንድ አልሆን አለኝ።

ማክሰኞ

ያየሁት፦ ትምህርት ቤት ሄደ። ተመለሰ። በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ስለላ እንዲህ አሰልቺ ነው እንዴ?

ሲመሽ መጥቶ እንቁላል ገዛኝ። ሁዳዴ ነው እኮ! ዘንድሮ የእነሱ ጾምና ረመዳን ስለገጠሙ እንቁላል የሚጠይቀኝ የለም፤ ያለው ለራሴ ማፍጠሪያ ነው። ይህ ልጅ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምስም። ታዲያ ለማን ነው? በጾም እንቁላል የሚፈቀደው ለታመመ ሰው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ! ስለደረስሁበት ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

ረቡዕ

አላስቻለኝም። ካፈጠርሁ በኋላ ሾርባ ይዤ በሩን መታሁ። መምህሩ ገርበብ አድርጎ ቆመ። «ለበሽተኛው ነው፣ ሳይቀዘቅዝ አሳልፈኝ» ስለው ፊቱ አመድ መሰለ።

ታናሽ ወንድሙ ነው። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። «እትዬ ዘይነባ፣ ደጀን ከተማ ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ ነው። መታወቂያውም እዚያው ጠፋ። እግሩ የቆሰለ ልጅ ያለ መታወቂያ ሲያገኙ ታጣቂ ነው እንደሚሉ ያውቃሉ» አለኝ።

አውቃለሁ። እውነቱን ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ፋሻውን ፍታልኝ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድምየው ሾርባውን ተቀብሎ ጠጣ። ነገ ምን ልበል?

ሐሙስ

ሰውዬው መጣ። «እህስ፣ አዲስ ነገር?»

«ያስተምራል፣ ይተኛል» አልሁት። እንግዳስ? አላየሁም። በረመዳን ዋሸሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዓይኑ እንቁላሉ ላይ አረፈ። «በሁዳዴ ማን ይገዛዎታል?» የማፈጥርበት ነው አልሁ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሁለት ይጠቅልሉልኝ። ለማንም እንዳይነግሩ።»

ቤቱ ማን ታሞበት ይሆን? ወይስ ራሱ ነው የሚበላው? አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ጥያቄው ያቃጥለኛል። ግን አልጠየቅሁትም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት።