ስለ አያቴ ደብዳቤዎችና ስለ አዲሱ ባሏ

ለተከበሩ የአውራጃችን ቤተ መዛግብት ኃላፊ፤

ምስጥና እርጥበት ከመዛግብትዎ፣ ጉንፋንም ከደረትዎ ይራቅ እያልኩ በትሕትና እጅ እነሳለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን፣ አያቴ ማካርዮ ከሐዋይ የሸንኮራ እርሻ ለሚስቱ ለኤፍሮሲና በላካቸው አርባ አንድ ደብዳቤዎች ላይ ነውና፣ አጻጻፌ ቢያስቀይምዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አምና «ከአይጥ እናድናቸው» ብላችሁ ስትወስዷቸው የነበሩበትን ቅርጫት ብቻ አስቀርቼ በደስታ አስረክቤአለሁ። አሁን የምጽፈው ውለታዎን ለመቁጠር ነው።

አንደኛ፣ አያቴ መጻፍ አይችልም ነበር። ከአገራችን ከኢሎኮስ ለሥራ ባሕር እንደተሻገሩት ብዙዎች፣ እሱ ሲናገር የሠራተኞቹ ሰፈር ጸሐፊ ቴዎዱሎ ይጽፍለታል፤ ቃሉን ላለመለወጡ ምስክር እንዲሆንም ጸሐፊው ከግርጌ በራሱ ስም ይፈርማል። እናንተ ፊርማውን አይታችሁ «ቴዎዱሎ ለባለቤቱ የጻፋቸው» ብላችሁ መዘገባችሁ። አያቴን ኤፍሮሲናን በመቃብሯ ሳለች ስለዳራችኋት እናመሰግናለን፤ ለሠርጉ አለመጠራታችን ግን ቅር አሰኝቶናል።

ሁለተኛ፣ የኤፍሮሲና ታናሽ እህት፣ በክብር «አፖ» የምንላት ፕሪሚቲቫ፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ጠፍቷል፤ ከመሞቷ በፊት ደብዳቤዎቹን አንድ ጊዜ መስማት ትፈልጋለች። ልገለብጣቸው ብመጣ የመስኮት ሠራተኛዎ «ከቴዎዱሎ ወራሾች የፈቃድ ደብዳቤ ያምጡ፣ እናቴ» አሉኝ። ይህን ስነግራት አፖ ፕሪሚቲቫ የምትጎነጉነውን ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጋ፣ «እሰይ! እጁን ያዋሰ ሁሉ ባል ሊሆን ነው? እንግዲያ ያ ጸሐፊ መቶ ሚስት ነበረው በያቸው!» አለች። መልእክቷን አድርሻለሁ።

ሦስተኛ፣ የኤፍሮሲና መልሶች ሐዋይ ቀርተዋል። እሷም ለመንደራችን ጸሐፊ ስትናገር እግሯ ሥር ተቀምጣ ትሰማ የነበረችው ፕሪሚቲቫ ግን ቃል በቃል ታውቃቸዋለች። ድምጿን ቅዱልን ብንል «የቃል ነገር ማስረጃ አይሆንም» ተባልን። እውነት ነው፤ ማስረጃውስ የናንተ መዝገብ ነው።

ስለዚህ አላደክምዎትም። ፕሪሚቲቫ መልሶቹን ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል። ስሜን ከግርጌያቸው አላኖርም፤ ነገ ደግሞ ማካርዮን ለእኔ እንዳትድሩልኝ። ሰኞ ማለዳ አፖ ፕሪሚቲቫን ይዤ፣ ባዶውን ቅርጫት ጭኗ ላይ አድርጌ እመጣለሁ። ወይ ይነበብላታል፣ ወይ ደብዳቤዎቻችንን ይዘን እንመለሳለን፤ እስከዚያ መስኮትዎ ሥር ተቀምጠን ሽንኩርታችንን እንጎነጉናለን።

ትዳርን በብዕር ለሚያጸናው ክቡር ጽሕፈት ቤትዎ ከማያልቅ አድናቆት ጋር፣
ሳቱርኒና፣ የማካርዮና የኤፍሮሲና የልጅ ልጅ

ማስታወሻ፦ አዲስ የጻፍናቸውን መልሶች ለማንበብ ቢሹ በራችን ክፍት ነው። ከባለቤታቸው የፈቃድ ደብዳቤ ብቻ ያምጡ። ባለቤታቸው ኤፍሮሲና ናት፤ አድራሻዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከማንጎው ሥር፣ ሦስተኛው መቃብር።